ማሌፊሰንት ክፍል ሁለት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የተኛችዋን ልዕልት ተረት ከክፉዋ ወገን ሆኖ የሚተርከውን የመጀመሪያውን የማሌፊሰንት ፊልም የወደደ ሰው ሁለተኛውን ሲያይ ጥያቄ ይበዛበታል። ክፉ የምትባለዋን ደግ ካደረጓት በኋላ ምን የሚተረክ ቀረ? አማቲቱ ከየት መጣች? የልዑሉስ ፊት ለምን ተቀየረ? መልሶቹ የፊልሙን መጨረሻ ሳይቀር ያወጣሉ። መጨረሻውን ቀድሞ መስማት የማይወድ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች አንብቦ ቀጥታ ስለ ልጆች ወደሚያወራው ይዝለል።

የትኛው ፊልም ነው? መቼ ወጣ?

ዲዝኒ የሠራው «ማሌፊሰንት፦ የክፋት እመቤት» ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 2019፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። 119 ደቂቃ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የመጀመሪያው 97 ደቂቃ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው የ22 ደቂቃ ልዩነት በአብዛኛው ለጦርነት የዋለ ነው። አዘጋጁ ኖርዌያዊው ዮአኪም ሮኒንግ ነው። የመጀመሪያውን ያዘጋጀው ሮበርት ስትሮምበርግ በሁለተኛው የለበትም። ከደራሲዎቹ አንዷ ሊንዳ ዉልቨርተን ግን የመጀመሪያውንም የጻፈች ናት፤ በሁለተኛው ኖህ ሃርፕስተርና ሚካ ፊትዘርማን-ብሉ አብረዋት ጽፈዋል።

የመጀመሪያውን ሳላይ ሁለተኛውን ብጀምር ይገባኛል?

ይገባዎታል፤ መግቢያው ላይ አጭር ማስታወሻ አለው። ነገር ግን ክንፏ መቆረጡን ሳያዩ ሴትዮዋ ሰው ለማመን ለምን እንደምትቸገር ልብ ላይ አይደርስም። ጊዜ ለሌለው ሰው ታሪኩ በአጭሩ ይኸው።

ማሌፊሰንት ሙርስ በተባለ የተረት አገር የምትኖር ባለ ክንፍና ባለ ቀንድ ፍጡር ናት። በልጅነቷ ስቴፋን ከሚባል የሰው ልጅ ጋር ተዋደደች። ስቴፋን አድጎ ዙፋን ተመኘ፤ ንጉሡ ደግሞ እሷን ለገደለ መንግሥቴን አወርሳለሁ ብሎ ነበር። ስቴፋን በመጠጥ አስተኝቷት፣ ለመግደል እጁ ሲያቅተው ክንፎቿን ቆርጦ ወሰደና ነገሠ። ልጅ ሲወልድ እሷ ሳትጠራ ከድግሱ መጥታ ሕፃኗን ረገመች፦ ዐሥራ ስድስት ዓመት በሚሞላት ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዝርት ጣቷን ይወጋታል፣ ሞት የሚመስል እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ከእውነተኛ ፍቅር መሳም በቀር የሚቀሰቅሳት የለም። ከዚያ ግን ልጅቷን ተደብቃ ስትጠብቅ ስትጠብቅ ወደደቻት። ልዑሉ ሲስማት ኦሮራ አልነቃችም። ያነቃት ማሌፊሰንት ግንባሯን መሳሟ ነው።

ሁለተኛው ላይ ምን ይሆናል?

ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ኦሮራ የሙርስ ንግሥት ሆናለች። የአልስቴድ ልዑል ፊሊፕ ለጋብቻ ይጠይቃታል፣ እሺ ትላለች። ማሌፊሰንት ነገሩ አልጣማትም። ያም ሆኖ ለልጇ ስትል የሙሽራውን ቤተሰብ ለመተዋወቅ ቤተ መንግሥት እራት ትሄዳለች።

ከፊልሙ ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ከመሄዷ በፊት ፈገግታ ስትለማመድ እናያታለን፤ ጥርሷ ሲታይ ደግሞ ከቁጣዋ የባሰ ያስፈራል። ኦሮራ በፍቅር ቃል ቀንዷን መሸፈኛ ሻሽ ትሰጣታለች። ልጅ እናቷን «እንዳታሳፍሪኝ» ስትላት ማለት ነው፣ ቃሉን ባታወጣውም። ማሌፊሰንት ሻሹን ታደርገዋለች። ፊልሙ እዚህ ማዕድ ላይ ትንሽ ቢቆይ ደስ ባለኝ።

እራቱ ላይ የልዑሉ እናት ንግሥት ኢንግሪዝ ነገር በነገር ትወጋታለች፤ «ከእንግዲህ የኦሮራ እናት እኔ ነኝ» እስከማለት ትደርሳለች። ማሌፊሰንት በቁጣ ስትነድ ንጉሥ ጆን ድንገት ወድቆ የማይነቃ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሁሉም ረገመችው ብለው ያምናሉ፣ ኦሮራም ጭምር። ማሌፊሰንት ስትበር በብረት ጥይት ተመትታ ባሕር ውስጥ ትወድቃለች። የሚያወጣት ኮናል የሚባል እንደሷ ክንፍና ቀንድ ያለው ፍጡር ነው። ሰው ያሳደዳቸው ወገኖቿ በስውር ሲኖሩ ታገኛቸዋለች፤ ከፊሎቹ ጦርነት ይሻሉ፣ ኮናል ግን ሰላም።

ንጉሡን ያስተኛችው ኢንግሪዝ ራሷ ናት። የድሮውን የእርግማን እንዝርት አስፈልጋ አግኝታ ባሏን ወጋችበት። የሙርስን ፍጡራን ሁሉ ለሠርጉ ጠርታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆለፈችባቸው፤ በኦርጋኑ ውስጥ ብረት ያለበት መርዘኛ ብናኝ ለቀቀችባቸው። ውጊያው መሐል ንግሥቲቱ ኦሮራ ላይ ቀስት ስትወረውር ማሌፊሰንት መሐል ገብታ ተመታችና አመድ ሆነች። የኦሮራ እንባ አመዱ ላይ ሲወርድ ፊኒክስ የሚባል ወፍ ሆና ተነሣች። እንዝርቱ ጠፋ፣ ንጉሡ ነቃ፣ ሠርጉ ተሠረገ፣ ኢንግሪዝ ፍየል ሆነች።

ታዲያ «የክፋት እመቤት» የተባለችው ማናት?

ርዕሱ ሆን ብሎ ያሳስታል። ፖስተሩ ላይ ያለችው ማሌፊሰንት ናት፤ ሥራውን የምትሠራው ግን ኢንግሪዝ። ንግሥቲቱ የማሌፊሰንትን ታሪክ ለሕዝቡ ስታስወራ ኖራለች፦ ልጅቷን መርገሟ ይነገራል፣ የቀሰቀሰቻትም እሷ መሆኗ ግን ከታሪኩ ተቆርጧል። ስለዚህ አልስቴድ ውስጥ ማሌፊሰንት ዛሬም የድሮው ተረት ጭራቅ ናት። ፊልሙ በዚህ መንገድ ተረት እንዴት እንደሚዛባ ያሳያል፤ ዋናው ሐሳቡ ይህ ይመስለኛል፣ ምንም እንኳ በጦርነቱ ጫጫታ ውስጥ ቢሰወርም።

ኢንግሪዝ ግን እንደ ማሌፊሰንት ዓይነት ዕድል አልተሰጣትም። በወጣትነቷ አገሯ ተቸግሮ እንደነበረ፣ ወንድሟ እንደሞተና ለዚህ ሁሉ የተረት ፍጡራንን ጥፋተኛ እንደምታደርግ በጥቂት ዐረፍተ ነገር ተነግሮ ያልፋል። አንዷን ክፉ ለመረዳት ሁለት ፊልም የፈጀ ድርጅት ሌላዋን በአንድ ንግግር መሸኘቱ ደስ አይልም። ሚሼል ፋይፈር ባትጫወተው ኖሮ ይህችን ገጸ ባሕርይ ማንም አያስታውሳትም ነበር።

አማቲቱን ከየት አመጧት? በተረቱ ላይ የለችም እኮ።

አለች! ያውም ከእንዝርቱ እኩል የቆየች ናት።

ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ተረት ልዑሉ ልዕልቷን ሲቀሰቅስ ያልቃል። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ያሳተመው ግን እዚያ ላይ ገና እኩሌታው ነው። ልዕልቷ ከመቶ ዓመት እንቅልፍ ነቅታ ልዑሉን ታገባለች፣ ሁለት ልጆች ትወልዳለች፤ ሴቷ ኦሮር፣ ወንዱ ዡር ይባላሉ። ልዑሉ ጋብቻውን ከእናቱ ይደብቃል፤ ምክንያቱም እናቱ ከሰው በላዎች ዘር ናት። አባቱ ሞቶ ሲነግሥ ሚስቱንና ልጆቹን ወደ ቤተ መንግሥት ያመጣል፣ ከዚያ ወደ ጦርነት ይዘምታል። እናትየው ያን ጊዜ ወጥ ቤት ኃላፊውን ጠርታ ትንሿን ኦሮርን ነገ ለእራት እፈልጋለሁ ትለዋለች፤ በየትኛው ስልስ እንደምትቀርብላት ሳይቀር ታዛለች። ሰውየው አንጀቱ አልችል ብሎ ልጅቷን ይደብቅና ጠቦት ሠርቶ ያቀርባል። ለወንዱ ልጅ ፋንታ የፍየል ግልገል፣ ለምራቷ ፋንታ አጋዘን። ተንኮሉ ሲነቃበት አሮጊቷ በእንቁራሪትና በእባብ የተሞላ ትልቅ ጋን አዘጋጅታ ሁሉንም ልትጥልባቸው ስትል ልጇ ከዘመቻ ይደርሳል። እሷም በንዴት ራሷን ትወረውርበታለች።

ከፔሮም በፊት አለች። ጣሊያናዊው ጃምባቲስታ ባሲሌ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1634 እና በ1636 መካከል በታተመው መጽሐፉ ላይ ልጆቹን ወጥ ሆነው እንዲቀርቡ የምታዘው የንጉሡ የመጀመሪያ ሚስት ናት። ፔሮ ሚስቲቱን ወደ እናት ለወጣት። የግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 የራሳቸውን ሲያሳትሙ ደግሞ ያንን ክፍል ከተረቱ አውጥተው በመሳም ጨረሱት፤ የዲዝኒም የ1959 አኒሜሽን በዚያው ሄደ። እንዲህ እንዲህ እያለ አማቲቱን የሚያስታውስ ጠፋ።

ስለዚህ ሁለተኛው ፊልም «ከመሳሙ በኋላ ምን ሆነ?» ብሎ ሲነሣ የደረሰበት ቦታ ፔሮ የሄደበት ነው፦ የልዑሉ ቤት፣ የልዑሉ እናት፣ ማዕድ። ሰው የመብላቱ ነገር ቀርቶ መርዝ ሆነ እንጂ ክፋቷ ያው ነው። ደራሲዎቹ ይህን አስበውበት ይሁን ሳያስቡት፣ ፊልሙ አዲስ ፈጠራ ተብሎ የተወቀሰበት ነገር ከተረቱ ተቆርጦ የቀረው ቁራጭ ነው። መጨረሻ ላይ አማቲቱ ፍየል ስትሆን እኔ ያሰብኩት ያንን በልጅ ፋንታ የታረደውን ግልገል ነበር።

በድሮው ተረት ላይ ክፉዋ ለምን ተቆጣች? ክንፏ ተቆርጦ ነበር?

አልነበረም። በፔሮ ተረት የተቆጣችው አንዲት አሮጊት ናት፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከግንቧ ስላልወጣች ሞታለች ተብሎ ለክርስትናው ድግስ ሳትጠራ ቀረች። ለተጠሩት ለሰባቱ ባለ አስማት ሴቶች ከወርቅ የተሠራ ማንኪያ፣ ሹካና ቢላዋ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለእሷ ስምንተኛ አልተሠራም። በግሪሞቹ ደግሞ ዐሥራ ሦስት ጥበበኛ ሴቶች ሲኖሩ የወርቅ ሳህኑ ዐሥራ ሁለት ብቻ ነው። በቻይኮቭስኪ ባሌት፣ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1890 በታየው፣ ካራቦስ የሚል ስም አገኘች። ማሌፊሰንት የሚለውን ስም፣ ቀንዱንና ወደ ዘንዶ መለወጡን የሰጣት የ1959ኙ አኒሜሽን ነው። እዚያ ላይ የሣላት ማርክ ዴቪስ ነው፣ ድምፁን የሰጠችው ኤሊኖር ኦድሊ። ምክንያቷ ግን ያው ነው፦ አልተጠራሁም።

ድግስ ላይ መረሳት ቀላል ነገር አይደለም፤ በእኛም አገር ስንት ዘመድ በዚህ ተኳርፏል። ዐሥራ ስድስት ዓመት ለሚዘልቅ ቂም ግን የ2014ቱ ፊልም ሌላ ምክንያት ፈለገ።

ክንፏ የተቆረጠበት ትዕይንት ሌላ ነገር ያመለክታል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ እውነት ነው። ማሌፊሰንትን የተጫወተችው አንጀሊና ጆሊ እ.ኤ.አ. በ2014 ራሷ በአደባባይ እንደተናገረችው፣ እሷና ደራሲዋ ትዕይንቱን ሲያስቡት የመደፈር ምሳሌ መሆኑን ያውቁ ነበር። የሚያምኑት ሰው፣ የሚያስተኛ መጠጥ፣ ሲነጋ ከአካል የጎደለ ነገር። ተቺዎች «ለልጆች ተረት ይህ ምን ይሠራል?» ብለው ነበር። ነገር ግን በባሲሌ ተረት ንጉሡ ልጅቷን ተኝታ አግኝቷት፣ ሳትነቃ አስረግዟት የሚሄድ ነው። መንታ የወለደችው እንቅልፍ ላይ እንዳለች ነው። ነገሩ ከመጀመሪያው ተረቱ ውስጥ ነበረ፤ ያኔ ግን ጥፋት ተብሎ አልተቆጠረም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። በዚያው በ2014 ጆሊ በኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰርነት ስሟን የሰጠችው ሌላ ፊልም የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነው። በአማርኛ የተሠራ፣ በጠለፋ የተወሰደች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ የቆመችላትን እውነተኛ የፍርድ ቤት ጉዳይ መነሻ ያደረገ። ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን፣ ትዝታ ሀገሬ ልጅቷን ሆነው ተጫውተውበታል። በጥር ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ፣ ቀጥሎም በበርሊኑ ላይ የተመልካች ሽልማት አገኘ። አንዱ ፊልም በመቶ ሚሊዮን ዶላሮች የተሠራ ተረት፣ ሌላው በትንሽ በጀት የተሠራ የአገራችን ታሪክ፤ በሁለቱም ውስጥ ግን የተበደለችው ሴት ወንጀለኛ ተብላ ትቆማለች። ሁለቱን በተከታታይ ማየት የሚችል ሰው ይሞክረው፣ «ድፍረት»ን አስቀድሞ።

ማሌፊሰንት ያልወለደቻትን ልጅ ማሳደጓም ከተዋናይቷ ሕይወት ጋር ይያያዛል?

ሰው ማያያዙ አልቀረም። ጆሊ የጉዲፈቻ ልጆች እናት ናት፤ አንዷን እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ነው የወሰደቻት። ሁለተኛው ፊልም ላይ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚሁ ነገር ላይ ነው። ኢንግሪዝ ማዕድ ላይ የምትወጋት በሌላ አይደለም፦ «አልወለድሻትም፣ ዘሯም አይደለሽም፣ እንግዲህ እውነተኛ እናት ታገኛለች» በሚል ነው። ማሌፊሰንት በእርግማን ሳይሆን በዚህ ቃል ስትሰበር ይታያል። ጉዲፈቻን በቤቱ የሚያውቅ ተመልካች ይህን ትዕይንት ከሌላው በተለየ ዓይን ያየዋል።

ብረት ለምን ያቃጥላቸዋል?

ፊልሙ የፈጠረው አይደለም፤ የአየርላንድና የብሪታንያ የቆየ እምነት ነው። ስውር ፍጡራን ብረት ይፈራሉ ይባላል፣ ስለዚህ የፈረስ ጫማ በር ላይ ይሰቀላል፣ መቀስ በሕፃን አልጋ ላይ ይደረጋል። አራስ ቤት ቢላዋ ከራስጌ ሲቀመጥ አይቶ ያደገ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ሁለተኛው ፊልም ይህን እምነት ወደ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ይወስደዋል፦ ክንፉ የተቆረጠበት ሊክስፒትል የሚባል ፍጡር በቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት ውስጥ የብረት ብናኝን ከሙርስ አበባ ጋር ቀምሞ ወገኖቹን የሚያጠፋ መርዝ ይሠራል። ዋርዊክ ዴቪስ የተጫወተው ይህ ገጸ ባሕርይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያስፈራልም ያሳዝናልም።

ወገኖቿ የተባሉት ባለ ክንፎች ነገር አልገባኝም። ፊኒክሱስ?

ከአራት ዓይነት ምድር የመጡ ናቸው፦ ከጫካ፣ ከሞቃታማ ደን፣ ከበረሃና ከበረዷማ አገር። የሁሉም ምንጭ ፊኒክስ ነው ይባላል፤ ከአመዱ የሚነሣው ጥንታዊ ወፍ ማለት ነው። ማሌፊሰንት የዚያ ደም የመጨረሻ ወራሽ ሆና ትገኛለች። በ1959ኙ ዘንዶ የሆነችው ሴት በ2019 ወፍ ሆና መነሣቷ ጥሩ ምላሽ ነው።

አተራረኩ ግን ደካማ ነው። ፊልሙ እዚህ ሲደርስ ማሌፊሰንት ቆስላ ትተኛለች፣ ሌሎች ስለ ሰላምና ስለ ጦርነት ይከራከራሉ፣ እሷ ታዳምጣለች። ቺዌቴል ኤጂዮፎር የተጫወተው ኮናል ከሁሉ የሚማርክ ሰው ሆኖ ሳለ ወዲያው ይሞታል፤ ከብረት ጥይት ሊያድናት ራሱን ጋሻ አድርጎ። ኤድ ስክሬን የተጫወተው ጦረኛው ቦራ ቀርቶ የእሱ ዕድሜ ቢረዝም ይሻል ነበር። በስሟ የተጠራው ፊልም ውስጥ ባለቤቷ ለረጅም ጊዜ እንግዳ ትሆናለች።

ልዑል ፊሊፕ ለምን ሌላ ሰው ሆነ?

በመጀመሪያው ብሬንተን ትዌይትስ ነበር። በሌላ ሥራ ተይዞ ስለነበር ሃሪስ ዲኪንሰን ተተካ። በታሪኩ ውስጥ ለዚህ ምክንያት አልተሰጠም። ኦሮራ ያው ኤል ፋኒንግ ናት፤ ቁራም ሰውም የሚሆነው ዲያቫል ያው ሳም ራይሊ። ዲያቫል በመጀመሪያው ዘንዶ፣ በሁለተኛው ድብ ሆኖ ይዋጋል።

ቀንዱና ጉንጯ በኮምፒውተር ነው?

ክንፎቹ አዎ። ፊቷ ግን በአብዛኛው በእጅ የተሠራ ሜካፕ ነው፤ በመጀመሪያው ፊልም ስመ ጥሩው ሪክ ቤከር የነደፈው። የጉንጯ አጥንት ተለጣፊ ሲሆን ቀንዶቹ ደግሞ በማግኔት ይያያዙ ነበር። በጣም ከማስፈራቷ የተነሣ በመጀመሪያው ፊልም ትንሿን ኦሮራ የሚጫወት ሕፃን ተቸገሩ፤ እሷን ያዩ ልጆች ያለቅሱ ነበር። በመጨረሻ ያላለቀሰችው የራሷ የጆሊ ልጅ ተጫወተችው። የሁለተኛው ፊልም ሜካፕ ለኦስካር ታጭቶ ነበር፣ አላሸነፈም። የመጀመሪያው የታጨው በአልባሳት ነበር፣ እሱም አላሸነፈም።

ለልጆች ይሆናል?

አሜሪካ ውስጥ ፒጂ የሚል ደረጃ ነው የተሰጠው፤ ወላጅ አብሮ ይመልከት ማለት ነው። ደም አይበዛበትም፣ እርቃን የለም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ትዕይንት ከባድ ነው። ለሠርግ የመጡ የዋህ ፍጡራን በር ተቆልፎባቸው፣ ከላይ መርዝ ሲዘንብባቸው፣ ወደ አበባና ወደ ዛፍ እየተለወጡ ይሞታሉ። ከኦሮራ ሦስት ሞግዚቶች አንዷ ሌሎቹን ለማዳን ኦርጋኑን በገዛ ሰውነቷ ትደፍነዋለች። የታሪክ ዕውቀት ያለው ትልቅ ሰው በጋዝ የተፈጁ ሰዎችን ሳያስብ አያልፈውም። ልጅ ያንን ባያውቅም ፍርሃቱ ይደርሰዋል። ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ ብቻውን አልከፍትለትም፤ ዐሥር ዓመት ለሞላው ግን ከወላጅ ጋር ሆኖ ጥሩ ወሬ ይወጣዋል።

በትርጉም ለሚያዩ፦ ማዕዱ ላይ ያለው አነጋገር አሽሙር ነው፤ የሚተረጉመው ሰው ሲያሳጥረው ጨዋታው ይጠፋል። እንግሊዝኛ በጥቂቱም ቢሆን የሚሰማ ሰው ያንን ክፍል በመጀመሪያው ድምፅ ይየው።

ተሳክቶለታል? ገንዘብ አስገኘ?

ለሥራው 185 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ወደ 491 ሚሊዮን አስገብቷል። ለሌላ ፊልም ደስታ ነው፤ ለዚህኛው ግን የመጀመሪያው 758 ሚሊዮን አስገብቶ ስለነበር ቅናሽ ሆነ። ቅናሹ የባሰው አሜሪካ ውስጥ ነው፦ ከ241 ሚሊዮን ወደ 113 ሚሊዮን ወረደ። ከገቢው ሦስት አራተኛው የመጣው ከሌላው ዓለም ነው። ሃያሲዎች አብዛኞቹ አልወደዱትም፤ ሲኒማ ቤት ገብተው ያዩት ተመልካቾች ግን ወደዱት። እንዲህ ዓይነት ልዩነት ሲገጥመኝ አብዛኛውን ጊዜ ከሃያሲዎቹ ጋር ነኝ። እዚህ ላይ ግን ማዕዱና አማቲቱ ወደ ተመልካቹ ይስቡኛል።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል?

የመጀመሪያው። አንድ በደል፣ አንድ ቂም፣ አንድ ልጅ ነው፤ ሁሉም ነገር ወደዚያ ይሄዳል። ሁለተኛው ሦስት ፊልም በአንድ ላይ ነው፦ የአማትና የሙሽራ እናት ፍልሚያ፣ የተሰደደ ሕዝብ ታሪክ፣ ትልቅ ጦርነት። የፊተኛው ብቻ ተወስዶ ፔሮ እንዳደረገው በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ቢያልቅ ኖሮ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር ባይ ነኝ። ወጥ ቤት፣ እልፍኝና ግብር ቤት ይበቁት ነበር፤ እንደ ጆሊና እንደ ፋይፈር ያሉ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ማን ጦር ሠራዊት ያምረዋል?

የት ማየት ይቻላል?

አገልግሎቱ ባለበት አገር ዲዝኒ ፕላስ ላይ ሁለቱም ክፍሎች አሉ። አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ እስራኤል ወይም ገልፍ ያሉ አንባቢዎች በዚያ ያገኙታል።

መጨረሻው ላይ ከስም ዝርዝሩ በኋላ የሚታይ ነገር አለ?

የለም። ማሌፊሰንት ከሠርጉ በኋላ፣ ኦሮራ ስትወልድ ለልጁ ክርስትና እንደምትመለስ ነግራት ትበራለች። ከዚያ የቢቢ ሬክሳ ዘፈን ይጀምራል፤ መነሣት ይቻላል።